ሁለተኛው መነጽር፦ ከፎገራ ሜዳ የተማርኩት

ዛሬ የማጫውታችሁ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ስለምትገኘው ስለ ወረታና በዙሪያዋ ስለተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ነው። የጉዞ ወሬ ነው ብላችሁ ብትጀምሩትም መሐሉ ላይ የዕቃ ግዢ ምክር፣ ከዚያም የዓይን ነገር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሦስቱ እንዴት እንደተገናኙ ስታነቡ ትደርሱበታላችሁ።

ወረታ ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሐሙሲትን አልፋችሁ የጉማራን ወንዝ ከተሻገራችሁ በኋላ ምድሩ እንደ ሰሌን ይዘረጋል። በስተግራ ሜዳው እስከ ጣና ሐይቅ ይሄዳል፤ በስተቀኝ የደብረ ታቦር ተራሮች ቆመው ያያሉ። ከተማዋ ላይ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ይገነጠላል፤ ወደ ጎንደር የሚያቀናው ደግሞ ርብ ወንዝን ተሻግሮ ወደ ይፋግና አዲስ ዘመን ያልፋል። ክረምት ላይ ጉማራና ርብ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ቀድሞ ይህ ሜዳ የሚታወቀው በወተቷ ስሟ በተጠራው በፎገራ ላም ነበር። ዛሬ ስሙን የሚያስጠራው ሩዝ ነው። ውኃ የሚተኛበት መሬት ለሩዝ ተመቸ፤ ገበሬውም «ነጭ ወርቅ» አለው። ኤክስ-ጅግና የሚባለው ዝርያ እንኳ ስሙን ያገኘው ከእዚያው ከጅግና ቀበሌ ነው። የአገሪቱ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የተተከለው ወረታ ላይ ነው።

እኔ ይህን ሜዳ የማውቀው በነርስ ጋውን ነው። በወጣትነቴ በአካባቢው ጤና ጣቢያዎች ሠርቻለሁ። ዝናቡ ሲያቆም፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ የወባው ወቅት ነበር። ጎህ ሳይቀድ ደጃፉ ላይ የተጠቀለለ ሕሙም ይሰለፋል። ከወባው ሌላ ትራኮማ ነበር፤ የስንቱን ሕፃን የዓይን ቆብ ገልብጬ እንዳየሁ ቁጥሩን አላውቀውም። ከሩዙ በኋላ በቀረው እርጥበት የሚዘራውን ጓያ አዘውትረው በልተው እግራቸው የተሳሰረ ሰዎችም ይመጡ ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት ከላዬ ላይ እንደ ጥሩንባ የሚጮሁ ወፎች በሰልፍ ሲያልፉ እሰማ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ጊዜ የት ነበረኝ?

ወፎቹ ፈረንጆች ክሬን የሚሏቸው ናቸው። የስምንት ዓመቱ የልጅ ልጄ ክሬን ሲባል የሚያውቀው የሕንፃ ግንባታውን ማሽን ነበር። ማሽኑ ስሙን የወሰደው ከወፉ ረጅም አንገት መሆኑን ብነግረው ሳምንቱን ሙሉ ለጓደኞቹ ሲያወራ ሰነበተ። ግራጫው ክሬን ከምሥራቅ አውሮጳና ከሩሲያ ተነስቶ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይደርሳል። በሺዎች ሆኖ በጣና ዙሪያ በጋውን ያሳልፍና መጋቢት ገደማ ይመለሳል። ክንፉ ሲዘረጋ ሁለት ሜትር ያህል ነው። ከዚሁ አገር የማይወጣው ደግሞ ባለ አክሊሉ ጥቁር ክሬን ነው፤ ራሱ ላይ እንደ ወርቅ ክር የቆመ ዘውድ አለው፣ ጉንጩም ነጭና ቀይ ነው። ከአገጩ ሥር ሥጋ የሚንጠለጠልበት፣ ከአፍሪካ ክሬኖች ሁሉ በቁመት የሚበልጠው ሦስተኛው ዓይነትም በሐይቁ ዙሪያ አልፎ አልፎ ይታያል። የጣና ዙሪያ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ እነዚህ ወፎችና የሚያርፉባቸው ረግረጎች ዋና ሀብቶቹ ነበሩ። በፎገራ በኩል ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች ይታወቃሉ። እነሱም በእርሻና በውኃ መሳቢያ ሞተር ምክንያት ከዓመት ዓመት እየጠበቡ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ልጆቹን ዛሬ ነገ እያሉ ማሳደር አይመችም።

የመጀመሪያውን ጉዞ ያደረግነው በኅዳር ወር ነው። እኔ፣ ልጄ፣ ባለቤቱና ሁለቱ ልጆቻቸው፣ በድምሩ አምስት ሰዎች ነበርን። መነጽር ያለው ልጄ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ሰዉ «የጦር ሜዳ መነጽር» የሚለው፣ በሁለት ዓይን የሚታይበት፣ ሩቁን የሚያቀርበው ማለቴ ነው። ሥራው እንግዶችን ሐይቁ ዙሪያ ማዘዋወር ስለሆነ ጥሩ መነጽር አለው፤ ዋጋውን የነገረኝ ቀን ግን መያዙንም ፈራሁት።

ወፎቹ ማሳ ላይ የወደቀ ሩዝ ሲለቅሙ ደረስን። ከዚያ ወረፋ ሆነ። አባት ያስተካክላል፣ እናት ታያለች፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጅ ትቀበላለች። ትንሹ ሲደርሰው ከዓይኑ ጋር አልገጥም አለው፤ የመነጽሩ ሁለት ቱቦዎች ለልጅ ፊት ሰፊ ናቸው። «አየህ?» አልነው። «አየሁ፣ አየሁ» አለ። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን በሽተኛ የጠየቅሁ ሰው ነኝ። «መድኃኒቱን ዋጥክ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ሁልጊዜ «አዎ» ነው የሚለው። «ስንት ፍሬ ቀረህ?» ሲባል ነው እውነቱ የሚወጣው። ስለዚህ «እግሩ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» አልኩት። «ቢጫ» አለኝ። ጥቁር ነበር። ልጁ ምንም አላየም፤ ወረፋውን ላለማስረዘም፣ እኛንም ላለማስከፋት ብሎ ነው የዋሸው። ወዲያው አንድ ውሻ ሮጠ፣ ወፎቹ ተነሱ፣ ቀኑ አለቀ።

መኪና ውስጥ ሆኜ ሁለተኛ መነጽር እገዛለሁ ብዬ ወሰንኩ። ልጄ ሳቀና «ተጠባባቂ ማለትሽ ነው?» አለኝ። ዋናው በዝናብና በጉም ሲደበዝዝ ወይም ድንጋይ ላይ ሲወድቅ የቀኑ ልፋት በከንቱ እንዳይቀር፣ ርካሽ የሆነ ተጠባባቂ ከቦርሳ ባይለይ ጥሩ ነው። ለቤተሰብ ደግሞ ተጠባባቂ ሌላ ጥቅም አለው፦ ሁለት ሰው አንዱን ነገር በአንድ ጊዜ ያያል።

እንግዲህ ስህተቴን ልናገር። መጀመሪያ የገዛሁት ገበያ ላይ ያየሁትን ታጣፊ መነጽር ነው። ላዩ ላይ «30×60» የሚል ተጽፏል፤ ሌንሱ እንደ ቀይ መብራት ያንጸባርቃል። ሰላሳ ጊዜ ያቀርባል ብዬ ተደሰትኩ። «ለልጅ ይበቃል» የሚል ሐሳብም ነበረኝ፤ ለልጅ የሚሆነው ዝቅ ያለው ነው የምንል ብዙዎች ነን። ቤት ገብቼ ሳየው ጨለማና ጭጋግ ነበር፤ ራሴን አመመኝ። የፊተኛውን ሌንስ በማስመሪያ ብለካው ስድሳ ሚሊ ሜትር የተባለው ከሃያ ጥቂት ነው የሚያልፈው።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጥሮቹን ቁጭ ብዬ የተማርኩት። ነገሩ ቀላል ነው። 8×42 ከተባለ የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ ይናገራል። ሁለተኛው የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍሉት ወደ ዓይን የምትገባውን የብርሃን ክብ ስፋት ይሰጣችኋል። ለ8×42 ከ5 ሚሊ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ለ8×32 ልክ 4 ነው። ለትንሿ 8×21 ግን 2.6 ብቻ ነው።

ይህን ከዓይን ብሌን ጋር አገናኙት። የወጣት ብሌን በጨለማ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይከፈታል። በስድሳዎቹ ዕድሜ ላለን ለእኛ ከ5 ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ለአያት 7×50 የሚባለውን ከባድ የመርከበኛ መነጽር ተሸክሞ መዞር ትርፉ ድካም ነው፤ ብርሃኑ ይመጣል፣ ዓይናችን ግን አይቀበለውም። በሌላ በኩል ክሬኖች በደንብ የሚታዩት ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስትጠልቅ፣ ከማደሪያቸው ሲወጡና ሲመለሱ ነው። በዚያ ደብዛዛ ብርሃን ትንሿ የኪስ መነጽር አትበቃም። መሐከለኛው ማለትም 8×30፣ 8×32 ወይም 8×42 ለቤተሰብ የሚስማማው ለዚህ ነው። 10 ጊዜ የሚያቀርበው የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን ምስሉን ሲያቀርብ የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያቀርባል። ከስድሳ በላይ የሆነ እጅ፣ ወይም የስምንት ዓመት እጅ፣ ስምንት ይበቃዋል።

ስለ ዋጋም ላንሳ። ለተጠባባቂ መነጽር እኔ ያስቀመጥኩት ድንበር የአንድ ደህና የፋሲካ በግ ዋጋ ነው። በዚያ ገንዘብ ውስጥ መምረጥ ካለባችሁ፣ ቱቦው ቀጥ ያለውንና ዘመናዊ የሚመስለውን ትታችሁ፣ ትከሻው ሰፋ ብሎ ቱቦው የተሰበረ የሚመስለውን የድሮውን ቅርጽ ፈልጉ። ቀጥ ያለው በውስጡ የሚይዘው ፕሪዝም እጅግ ጥንቃቄ ያለበት ሥራ ስለሚፈልግ፣ ርካሽ ሲሆን የሚቀነሰው እዚያ ላይ ነው። የድሮው ቅርጽ በአነስተኛ ዋጋም ጥሩ ምስል ይሰጣል። ጉድለቱ ትልቅ መሆኑና ብዙ ጊዜ ዝናብ አለመቻሉ ነው። ማቅረቢያው ከፍ ዝቅ የሚል «ዙም» የሚሉትንና ሌንሱ ደማቅ ቀይ የሆነውን ግን እለፏቸው።

እኔም በዚህ ምክር ባሕር ዳር ካገለገሉ ዕቃዎች ነጋዴ ዘንድ አንድ አሮጌ 8×30 አገኘሁ። ከባድ፣ ጥቁር፣ ፊደሉ የሩሲያ ነው። ከፍዬ ወሰድኩት። ቤት ሆኜ በመስኮት ስመለከት የግራው ጥርት ያለ ነው፤ የቀኙ ግን እንደ ሻይ ጢስ የጨፈገገ። ሌንሱን ጠረግሁ፣ አሁንም ያው ነው። ውስጡ ሻጋታ ይዟል ብዬ በማግሥቱ ሱቁ ገባሁ፤ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ «አሮጊት ነች ብለህ ነው የጨፈገገ የሸጥክልኝ?» አልኩት።

ልጁ ከሠላሳ ዓመት አይበልጥም። አልተቆጣም። መነጽሩን ተቀብሎ በራሱ ዓይን አየ። ከዚያ መለሰልኝና «እማማ፣ እስቲ ገልብጠው ይያዙት» አለኝ። አልገባኝም። «የላዩን ወደ ታች፤ የግራው ቱቦ ወደ ቀኝ ዓይንዎ ይመጣል።» ገለበጥኩት። የተሸበረ ልቤ የጠበቀው ጭጋጉ አብሮ ወደ ግራ እንዲሄድ ነበር። አልሄደም። በቀኝ ዓይኔ ላይ እዚያው ቀረ። መነጽሩ ምንም አልነበረበትም፤ የጨፈገገው የእኔ ዓይን ነበር።

ሞራ ነበር፤ የዓይን ሞራ። በሥራ ዘመኔ ለስንት ሰው የነገርኩትን የራሴን አላየሁም። ምልክቶቹን ወደ ኋላ ሳስብ ሁሉም ነበሩ። ማታ የመኪና መብራት ይበተንብኝ ነበር፤ አምፑሉ ደከመ ብዬ ቀየርኩ። ነጭ ነጠላዬ ቢጫ መስሎ ይታየኝ ነበር፤ ሳሙናውን ወቀስኩ። ሁለት ዓይን አንድ ላይ ሲያይ ጤነኛው የደካማውን ጉድለት ይሸፍናል፤ ሕመም ስለሌለውም ሰው አይነቃም። መነጽሩ ያደረገው ሁለቱን ዓይኖች ለየብቻ ማስቆም ነው።

ሐኪም ጋ ሄድኩ። እዚህ ላይ አያቶች አንድ ነገር ስሙኝ። «ሞራው እስኪበስል ይጠበቅ» የሚለው የድሮ ወሬ ነው። በድሮው የሕክምና ዘዴ እንዲያ ይባል ነበር፤ ዛሬ ዕይታችሁ ሥራችሁን ማወክ ከጀመረ በቂ ምክንያት ነው። ቀዶ ሕክምናው ዓይኑን ብቻ በማደንዘዝ የሚሠራ ነው፤ የደበዘዘው ሌንስ ይወጣና በሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል፤ ብዙ ጊዜም ሰው በዚያው ዕለት ቤቱ ይገባል። እኔም እንዲያ ሆነ። ማሰሪያው ሲነሳ መጀመሪያ ያየሁት የነርሷን ጋውን ነው። እንዲያ ያለ ነጭ መኖሩን ረስቼው ነበር። ሳገግም መጀመሪያ የሄድኩት ወደዚያ ነጋዴ ነው። ሰው ፊት ስለጮህኩበት ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት።

ከእርሱ የተማርኩትንና ከልጄ የሰማሁትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ያገለገለ መነጽር ስትገዙ ሱቁ ውስጥ የምታደርጉትን ምርመራ ልንገራችሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አንደኛ፣ መነጽሩን ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ወደ ብርሃን አዙሩት፤ ወደ ጨረቃ ወይም ወደ ግድግዳ፣ ወደ ፀሐይ ግን አይሁን። ዓይን በሚገጥምበት በኩል ሁለት የብርሃን ክቦች ታያላችሁ። ሙሉ ክብ ከሆኑ መልካም ነው፤ ጠርዛቸው አራት ማዕዘን መስሎ ከጠቆረ ፕሪዝሙ ርካሽ ነው።

ሁለተኛ፣ ገልብጣችሁ በፊተኛው ሌንስ በኩል ወደ ውስጥ ተመልከቱ። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካለ ሻጋታ ነውና ተዉት። ጥቂት አቧራ ግን አያስከፋም።

ሦስተኛ፣ ሩቅ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ ጠርዝ ወይም የመብራት ሽቦ ተመልከቱ። ሽቦው አንድ መሆን አለበት። ሁለት ከሆነ ወይም ዓይናችሁን የሚጎትት ከመሰላችሁ፣ መነጽሩ ወድቆ ቱቦዎቹ ተዛንፈዋል። ዋጋው ቢወርድም አትግዙ፤ ለልጅ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፤ ልጁ የሚያመው ራሱ መሆኑን እንጂ መነጽሩ መሆኑን አያውቅም።

አራተኛ፣ የመሐሉን መዘውርና ማጠፊያውን አንቀሳቅሱ። ማጠፊያው በጣም መላላት የለበትም። መነጽሩ ለልጅ ከሆነ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ እስከ መጨረሻው አጥፋችሁ አንድ ክብ ማየቱን ጠይቁት። ሁለት ክብ ካለ ለፊቱ ሰፊ ነው ማለት ነው። የዓይን መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ደግሞ መነጽራችሁን ሳታወልቁ ሙሉውን ክብ ማየት አለባችሁ፤ ለዚህ የዓይኑ ጎማ የሚታጠፍ ወይም ወደ ውስጥ የሚገባ ሊሆን ይገባል።

አምስተኛው የነጋዴው ምርመራ ነው፦ ገልብጡት። ጭጋጉ ከቱቦው ጋር ከሄደ ዕቃውን መልሱ። ከዓይናችሁ ጋር ከቀረ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ካመጣችሁት በኋላ ማስተካከሉም ሥርዓት አለው። የቀኙን ቱቦ በእጅ ሸፍናችሁ በግራ ዓይን ብቻ በመሐሉ መዘውር አጥሩት። ከዚያ የግራውን ሸፍኑና በቀኙ በኩል ያለውን ቀለበት ብቻ አዙራችሁ አጥሩ። የቀለበቱን ቦታ አስታውሱ፤ ይህ የእናንተ ዓይን ልክ ነው። ብዙ ሰው «ይህ መነጽር አይረባም» የሚለው ሌላ ሰው በራሱ ልክ ያስተካከለውን ስለሚያነሳ ነው። ሌንሱን በሻሽ ወይም በሸሚዝ አትጥረጉ፤ የሜዳው አቧራ ይፍቀዋል። መጀመሪያ እፍ በሉት፣ ከዚያ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ። ልጆችን አጥብቃችሁ የምታስጠነቅቁት ደግሞ አንድ ነገር ነው፦ በመነጽር ፀሐይን ማየት ዓይንን ለዘለቄታው ያቃጥላል።

አንድ ሌላም አለ። ስሙ «የጦር ሜዳ መነጽር» ነው፤ ይህ ስም በዚህ ዘመን ቀልድ አይደለም። ከውጭ ዘመድ እንዲያመጣላችሁ ካሰባችሁ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሊያስጠይቀው ስለሚችል አስቀድሞ ጉምሩክን ይጠይቅ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳታጣሩ አትውጡ። ሜዳ ላይም ከመነጽሩ በፊት ሰላምታ ይቅደም፤ ለአካባቢው ሰው ማን እንደሆናችሁና ምን ልታዩ እንደመጣችሁ ንገሩ። ወደ ሰው ቤት፣ ወደ ድልድይ፣ ወደ ጥበቃ ያለበት ቦታ አታዙሩት።

ሁለተኛውን ጉዞ ያደረግነው በዓመቱ፣ በጥር ወር ነው። አሁን መነጽራችን ሁለት ነበር። ጓያው ያበበበት ማሳ ዳር አንድ ሽማግሌ ገበሬ ወንጭፍ ይዘው ተቀምጠው አገኘን። ሰላምታ ሰጥተን የመጣንበትን ነገርናቸው። ሳቁና «እናንተ ልታዩአቸው ትመጣላችሁ፤ እኛ ልናባርራቸው እንውላለን» አሉን። እውነታቸውን ነው። የወፍ መንጋ ማሳ ላይ ሲያርፍ ጉዳቱ የባለማሳው ነው፤ እኛ የምናየው ግን ውበቱን ብቻ ነው።

አሮጌውን መነጽር ሰጠኋቸውና የሚያስተካክሉበትን አሳየኋቸው። መጀመሪያ ያዩት የራሳቸውን በሬዎች ነው። «ያ ቦቃው እዚያ ማዶ ምን ይሠራል!» ብለው ተቆጡ። ቀጥለው ወደ ወፎቹ አዞሩት። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ለካ ራሱ ላይ ቀይ አለው» አሉ በመጨረሻ። «አርባ ዓመት ሳባርረው ይህን አላየሁም።» እኔም እዚያው ሜዳ ላይ ዓመታት ሠርቼ ቀና ብዬ እንዳላየሁ ነገርኳቸው። ለልጆቹ ጥቂት እሸት ሰጡን፤ ጀምበር ስትጠልቅ ወፎቹ ከውኃው የሚያርፉበትንም ወገን በጣታቸው አመለከቱን። ያለ እርሳቸው ቦታውን አናገኘውም ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ድምፃቸው ከሩቅ ተሰማ። ከዚያ በሰልፍ፣ በሰልፍ መጡ። ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ጅብና ቀበሮ ውኃውን ሳያንቦጫርቅ አይደርስባቸውምና። ልጄ የራሱን ውድ መነጽር ለእኔ ሰጠኝ፤ ትንሹ አሮጌውን ያዘ፤ ማጠፊያው እስከ መጨረሻው ስለሚታጠፍ ለፊቱ ልክ ነው። ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። ከጎኑ ተቀመጥኩ። በአዲሱ ዓይኔ የባለ አክሊሉን ወርቃማ ዘውድ ጥርት አድርጌ አየሁት።

«አየህ?» አላልኩትም። «በስተቀኝ ጥግ ያሉት ሦስቱ ምን ይመስላሉ?» አልኩት።

ትንሽ ቆየና «እማማ፣ ሁለቱ ራሳቸው ጥቁርና ነጭ ነው፤ መሐል ያለው ግን ቡናማ ነው» አለኝ።

እኔ ልብ አላልኩትም ነበር። መነጽሬን መልሼ ሳየው እውነቱን ነው። ቡናማ ራስ ያለው የዚያ ዓመት ጫጩት ነው፤ ከአባትና ከእናቱ ጋር ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣ። የክሬን ቤተሰብ በጋውን አብሮ ነው የሚያሳልፈው። ይህን ስነግረው ልጁ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያነሳ «አያቱስ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ሁላችንም ሳቅን።

ወደ ወረታ የተመለስነው ጨልሞ ነው። መብራት ከፊት ለፊት ሲመጣ እንደ በፊቱ አልተበተነብኝም። አሮጌው መነጽር አሁን በልጁ አልጋ ራስጌ ተሰቅሏል፤ ዝናብ አይችልምና በክረምት አይወጣም። እናንተም በዚህ ሳምንት ቤት ውስጥ የተቀመጠ መነጽር ካለ አውጥታችሁ፣ ከሌለም አንድ ዓይናችሁን በእጃችሁ ሸፍናችሁ፣ ማዶ ያለውን ጣሪያ በየዓይናችሁ ለየብቻ ተመልከቱት። ልጆቹንም እንዲሁ አድርጓቸው። ልዩነት ካለ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ልዩነት ከሌለ ደግሞ እሰየው፣ ወደ ፎገራ ለመውጣት ተዘጋጁ።

ቸር ይግጠመን።